የአሮጌ መኪና የፊት መብራት ለምን ይደክማል? ሪሌ የሚገባበት ምክንያትና አገጣጠሙ

የቆየ መኪና ያለው ሰው የፊት መብራቱ ሲደክምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው አምፖሉን ነው። አዲስ ገዝቶ ይቀይራል። ማታ ሲያበራው ያው ነው። ቀጥሎ ዋቱ ከፍ ያለ አምፖል ይገዛል። አሁን ትንሽ ይሻላል፤ ግን ውሎ ሲያድር ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ይጀምራል። አምፖሉ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም። የሚገባውን ቮልት አጥቶ ነው የደከመው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ መኪኖች፣ የፊት መብራቱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ በማብሪያው ውስጥ ያልፋል። ከባትሪ ተነስቶ ወደ ዳሽቦርድ ይገባል። ማብሪያውን ያልፋል። ከዚያ ረጅምና አጭር መብራት ወደሚለውጠው ስዊች ይሄዳል፤ በአንዳንድ መኪና ይህ ስዊች ወለሉ ላይ ያለ በእግር የሚረገጥ ነው። ከዚያ እንደገና ተመልሶ ወደ ፊት ይወጣል። አምፖሉ ከባትሪው ብዙ ሳይርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ግን አምስት ስድስት ሜትር ይዞራል። ሽቦውም ቀጭን ነው፤ ፋብሪካው ሲሠራው ለሥራው ይበቃል ተብሎ የተመረጠ እንጂ የተትረፈረፈ አልነበረም። በዚያ ላይ ዘመን ተጨመረበት። መጋጠሚያዎቹ ዝገዋል፣ የስዊቹ ኮንታክቶች ጠቁረዋል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አንድ ባለ 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ከ4.5 አምፒር ትንሽ በላይ ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ 9 አምፒር ገደማ ይወስዳሉ። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ሲሆን፣ ሬዚስታንሱ 0.086 ኦም ገደማ ነው። በውስጡ 9 አምፒር ሲያልፍ ወደ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ እንግዲህ ሽቦው አዲስና ንጹህ ሲሆን ነው። በየመጋጠሚያው፣ በየስዊቹ፣ በፊውዝ ሳጥኑ 0.1 እና 0.2 ቮልት እየተጨመረ ሲሄድ በጠቅላላው 1.5 ወይም 2 ቮልት ቢጠፋ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለት ቮልት ትንሽ ይመስላል። የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። የአምፖሉ ክር ቮልት ሲቀንስበት ኃይሉም ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ያልሞቀ ክር ደግሞ የሚሰጠው ቢጫ ብርሃን ነው። በተግባር የሚሠራበት ስሌት እንደሚያሳየው ቮልቱ 10 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 ከመቶ ያህል ይጠፋል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን የሚለካው ብዙውን ጊዜ በ13.2 ቮልት ነው። ያ አምፖል 11 ቮልት ብቻ ከደረሰው የቀረው ብርሃን ግማሽ ገደማ ነው። ማታ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ቶሎ በማየትና ዘግይቶ በማየት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ስዊች) ማስገባትን የማሳመሪያ ሥራ አድርጌ የማላየውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ይለካ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት መልቲሜትር (ቮልት የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። ሞተሩን አስነሱ፣ አጭር መብራቱን አብሩ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በአምፖሉ ሶኬት ጀርባ ኤሌክትሪክ በሚገባበት እግር ላይ አድርጉ። ሶኬቱ ከአምፖሉ እንዳይነቀል፤ መብራቱ እየበራ ነው የሚለካው። መልቲሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር በፖዘቲቭ በኩል መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ የኔጋቲቭ እግር ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ። ረጅሙን መብራት አብርታችሁም ለኩ። ቁጥሮቹን ጻፏቸው።

መብራቱን አጥፍቶ መለካት ዋጋ የለውም። ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ መንገድ ላይ የሚቀር ቮልት የለም፤ የዛገውም መስመር 12 ቮልት ያሳያችኋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

በፖዘቲቭ በኩል ከ0.5 ቮልት በላይ ከጠፋ ሪሌ ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣል። የጠፋው በኔጋቲቭ በኩል ከሆነ ግን ሪሌ አያድናችሁም፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የሁለቱም ቁጥር ትንሽ ከሆነና መብራቱ አሁንም ከደከመ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ብሩ የለቀቀ አንጸባራቂ፣ የደበዘዘ መስታወት፣ ወይም ዝቅተኛ ቮልት የሚሰጥ ዲናሞ። አንጸባራቂው ከጠቆረ የዓለምን ሪሌ ሁሉ ብታስገቡ ለውጥ የለም።

ሪሌ ምን ያደርጋል?

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ስዊች ነው። ውስጡ የሽቦ ጥቅልል አለ። ጥቅልሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንዲት ቀጭን ብረት ይስባል፤ ብረቷ ስትሳብ ኮንታክቶቹ ይገናኛሉ። ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ጥቅልሉ የሚፈልገው 0.15 አምፒር ገደማ ብቻ ነው። ኮንታክቶቹ ግን 30 ወይም 40 አምፒር ይችላሉ።

እንግዲህ የድሮውን ማብሪያ ከትልቁ ሸክም ገላግለን ትዕዛዝ ብቻ እንዲያስተላልፍ እናደርገዋለን። በማብሪያው 9 አምፒር ያልፍ የነበረው ወደ 0.15 ይወርዳል። ሽቦው ቀጭን ቢሆን፣ መጋጠሚያው ትንሽ ቢዝግ፣ ለዚህች ያህል ኤሌክትሪክ ምንም አይደለም። ትልቁ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌ ወደ አምፖል በወፍራምና አጭር ሽቦ ይሄዳል። ይህ ለብርሃኑ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የብዙ አሮጌ መኪኖች የመብራት ስዊች ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ኦርጅናሉ ሳይቃጠል ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ከሪሌ የተሻለ መላ የለም።

የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ዲን 72552 ከሚባለው የጀርመን ስታንዳርድ የመጣ ነው፤ አብዛኛው አምራች ይጠቀምበታል። 30 ከባትሪ የሚመጣው ትልቁ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው። 87 ወደ አምፖል የሚወጣበት ነው። 86 እና 85 የጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ እንደ ደንቡ 86 ፖዘቲቭ፣ 85 ኔጋቲቭ ይሆናል።

አሁን አምስተኛዋን እግር ጠጋ ብለን እንያት፤ ብዙ ሰው ግራ የምታጋባው እሷ ናት። ከአራቱ መካከል፣ መሐል ላይ ትቀመጣለች። በአንዳንድ ሪሌ ላይ 87 ተብሎ ተጽፎባታል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ 87 ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ስለሆኑ አንዱን ለግራ፣ ሌላውን ለቀኝ አምፖል ማድረግ ይቻላል። በሌላው ሪሌ ላይ ግን 87ኤ ነው የሚለው። 87ኤ ሪሌው ባልሠራበት ሰዓት ከ30 ጋር የተገናኘ እግር ነው። አምፖሉን በስህተት እዚህ ላይ ካሰራችሁት መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ መብራቱ ይበራል፤ ማብሪያውን ስታበሩት ደግሞ ይጠፋል። መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ የተጻፈው ብቻ ነው። ስትገዙ ገልብጣችሁ አንብቡ።

አንዳንድ ሪሌ ውስጥ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ አለ። ጥቅልሉ ሲጠፋ የሚፈጠረውን የቮልት ግፊት ለማብረድ የገባ ነው። እንዲህ ያለው ሪሌ 85 እና 86 ሲገላበጡበት በዳዮዱ በኩል ሾርት ይሆናል። ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል ብታዩ የዳዮዱ ምልክት ይታያችኋል። ለአሮጌ መኪና ዳዮድ የሌለውን ወይም በምትኩ ሬዚስተር ያለበትን ብትመርጡ ነገሩ ይቀላል።

ትልቁ መስመር

ሁለት ሪሌ ያስፈልጋል፦ አንድ ለአጭር፣ አንድ ለረጅም መብራት። የሁለቱም 30 ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ወይም ከሞተሪኖው ላይ ካለው የባትሪ ሽቦ መታሰሪያ ነው። 30ን ከድሮው የመብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ መስጠት ግን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ያ ሽቦ እኮ ነው በሽተኛው። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ሁሉም የተሠራ ይመስላል፣ ብርሃኑ ግን ያው ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የአምፒር መለኪያ ላለው መኪና ሌላ ነገር ማሰብ ይገባል። በእነዚህ መኪኖች ከዲናሞ ወደ ባትሪ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በመለኪያው ውስጥ ያልፋል። መስመሩን ከባትሪ ከወሰዳችሁ፣ መብራት በበራ ቁጥር መለኪያው ባትሪው እየሞላ እንደሆነ አድርጎ ያሳያል፤ መለኪያውና ሽቦውም ያንን ሸክም ይሸከማሉ። ከዲናሞው መውጫ ብትወስዱት ግን ሞተሩ ሲሠራ መብራቱ በአጭሩ መንገድ ያገኛል፣ መለኪያውም አይዋሽም።

ለዋናው መስመር 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከሪሌ ወደ አምፖል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቂ ነው። ለጥቅልሉ 1 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል፤ 0.75ም ይሆናል። ቅድም ያየነውን ስሌት በአዲሱ ሽቦ ብንሠራው፣ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር አንድ ሜትር ተኩል ላይ 9 አምፒር ሲያልፍ መንገድ ላይ የሚቀረው 0.1 ቮልት አይሞላም።

ፊውዝ የግድ ነው፤ ያውም ከኤሌክትሪኩ ምንጭ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት። ፊውዙ የሚጠብቀው ከሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ብረት ላይ ተፋፍቆ ሾርት ቢያደርግ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ይቃጠላል። ለዋናው መስመር 30 አምፒር ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፊውዝ ለሁሉም መብራት ማድረግን አልወድም። ማታ በፍጥነት ስትነዱ ያ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ድንገት ጨለማ ነው። የድሮ አሜሪካ መኪና ሠሪዎች ይህን አስበውበት ነበር፤ በብዙዎቹ የመብራት ማብሪያ ውስጥ ሲሞቅ የሚቋረጥና ሲበርድ ራሱ የሚመለስ መቁረጫ አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። እኛ ያንን ስናልፈው የሚተካው ነገር ማስቀመጥ አለብን። ከሪሌው በኋላ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ፣ ለአጭርም ለረጅምም፣ በጠቅላላው አራት። ሳጥኗ ትንሽ ቦታ ትወስዳለች፤ ግን አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያደርሳችኋል።

ትዕዛዙ ከየት ይመጣል?

ከድሮው የአምፖል ሶኬት ነው። ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። የአንዱን ጎን ሶኬት ከአምፖሉ ንቀሉት። የአጭር መብራቱ ሽቦ ወደ አንደኛው ሪሌ 86፣ የረጅሙ ወደ ሁለተኛው ሪሌ 86 ይሄዳል። የሁለቱም 85 ወደ ኔጋቲቭ። የሌላው ጎን ሶኬት ተሸፍኖና ታስሮ ይቀመጣል። ለአምፖሎቹ አዲስ ሶኬት ይገዛላቸዋል፤ ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። መኪናውን አንድ ቀን ወደ ጥንቱ መመለስ ብትፈልጉ ሶኬቱን መልሶ መሰካት ብቻ ነው።

መኪናው ለግራና ለቀኝ የተለያየ ፊውዝ ካለው፣ የአጭሩን ትዕዛዝ ከግራ ሶኬት፣ የረጅሙን ከቀኝ ውሰዱ። ከድሮዎቹ ፊውዞች አንዱ ቢሄድ ከሁለቱ መብራት አንዱ ይቀራል።

ሶኬቱ ላይ ሦስት እግር አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከሽቦው ቀለም አትገምቱ፤ ከዕድሜ ብዛት ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። ነቅላችሁ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ቦዲ ላይ አድርጋችሁ እየለወጣችሁ ለኩ። አጭሩ ሲበራ አንዱ እግር፣ ረጅሙ ሲበራ ሌላው እግር 12 ቮልት ካሳየ፣ ሦስተኛው ምንጊዜም ዜሮ ከሆነ፣ እስካሁን የጻፍኩት በቀጥታ ይሠራል።

አንድ እግር ግን በአጭርም በረጅምም 12 ቮልት ካሳየ ቆም በሉ። መኪናው በተገላቢጦሽ የተሠራ ነው። ብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች እንዲህ ናቸው። ፖዘቲቩ ለሁለቱም የጋራ ነው፤ ስዊቹ የሚለውጠው ኔጋቲቩን ነው። እዚህ ላይ የጋራውን ፖዘቲቭ ለሁለቱም 86 ሰጥታችሁ 85ን ቦዲ ላይ ካሰራችሁት ሁለቱ ሪሌዎች አንድ ላይ ይሠራሉ፣ አጭርና ረጅም አብረው ይበራሉ፣ አምፖሉም ከልክ በላይ ይሞቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጋራውን ፖዘቲቭ ለሁለቱም ሪሌ 86 ስጡ፤ የአጭሩን ሽቦ ለአንደኛው 85፣ የረጅሙን ለሁለተኛው 85። ከሪሌው በኋላ ያለው ሁሉ እንደተለመደው ነው፤ የአዲሱ ሶኬት የጋራ እግር ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል።

ሁለት ሌሎች ለየት ያሉ አሉ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። አምፖልም ሆነ ተራ የሪሌ ጥቅልል አቅጣጫ ስለማይመርጥ ሥራው አይለወጥም፤ ፖዘቲቭ ባልኩበት ኔጋቲቭ፣ ኔጋቲቭ ባልኩበት ፖዘቲቭ ብላችሁ ያዙት፤ ዳዮድ ያለበት ሪሌ ብቻ አይግባ። ሌላው ባለ 6 ቮልቱ ነው። የዚያ ዘመን ቮልስ ቢትልን የነዳ ያውቀዋል። ለተመሳሳይ ዋት እጥፍ አምፒር ስለሚያልፍ መንገድ ላይ የሚቀረውም እጥፍ ነው፤ ከ6 ቮልት ላይ አንድ መጥፋት ደግሞ ከ12 ላይ እንደመጥፋት አይደለም። ከሪሌ ይበልጥ የሚጠቀመው ይህ መኪና ነው። ግን ጥቅልሉ ለ6 ቮልት የተሠራ ይሁን፤ የ12ቱ በ6 ቮልት አይስብም። ሽቦውም ከላይ ካልኩት ይወፍር።

ኔጋቲቩን አትርሱ

በአሮጌ መኪና አምፖሉ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በአጭር ሽቦ ከአጠገቡ ካለ ብሎን ነው። ብሎኑ ያለው ደግሞ ውሃና ጭቃ በሚረጭበት ቀጭን ላሜራ ላይ ነው። ቀለም ተቀብቷል፣ ዝጓል፣ ምናልባት መከላከያው ከግጭት በኋላ ተቀይሯል። በፖዘቲቭ በኩል የሄደ ኤሌክትሪክ በሙሉ በዚህ በኩል መመለስ አለበት። ፖዘቲቩን አሳምሮ ኔጋቲቩን የተወ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ከየአምፖሉ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አውጥታችሁ ወይ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ውሰዱት፣ ወይ ወፍራም ብረት ላይ እሰሩት። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ እስኪያበራ አጽዱት፣ ካጠበቃችሁት በኋላ ግሪስ ቀቡት።

ሪሌዎቹን ስትሰቅሉ እግራቸው ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ያቁራል። ከጭስ ማውጫው ይራቁ። የሽቦውን ጫፍ በትክክለኛ መጭመቂያ ጭመቁት፤ ጎትታችሁት የሚወጣ ከሆነ ማታ ጉድጓድ ላይም ይወጣል። ሽቦ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባ። ይህ ሁሉ ሲሠራ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈቶ ነው።

ሲያልቅ ያንኑ ልኬት ድገሙና ከጻፋችሁት ጋር አወዳድሩ። ከዚያ መብራቱን ሩብ ሰዓት አብርታችሁ ተዉትና ፊውዞቹንና መጋጠሚያዎቹን በእጅ ዳስሱ። ሪሌው ራሱ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ አንድ መጋጠሚያ ከሌላው ተለይቶ ከሞቀ ግን እሱ በደንብ አልተጨመቀም።

ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ያለውን ቮልትም እዩ። ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ከዘለለ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ይታይ፤ እስከዛሬ ደካማው ሽቦ ለአምፖሉ ጋሻ ሆኖለት ነበር፣ አሁን ግን ሙሉው ይደርሰዋል። ቮልት 5 ከመቶ ሲጨምር የአምፖል ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባለ 100 ዋት አምፖል የማስገባት ፍላጎቱ የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሪሌው ይችለዋላ። አንጸባራቂው ግን አይችለውም፣ በሙቀት ይላጣል፤ በብዙ አገርም ሕግ ይከለክለዋል። 60/55 ዋቱ ኤች 4 አምፖል (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት) ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ምን እንደሚያሳይ መጀመሪያ እዩት።

የመጨረሻው ሥራ ማነጣጠር ነው። መብራቱ ደካማ ሳለ ትንሽ ቀና ብሎ ቢሆን ማንም አላማረረም ይሆናል፤ አሁን ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት አቁሙ። የጎማው ንፋስ ልክ ይሁን፣ ሹፌሩም ቦታው ላይ ይቀመጥ። የአምፖሉን መሐል ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ብሎኖቹን አስተካክሉ፤ ግራና ቀኙን በየተራ፣ አንዱን በጨርቅ እየሸፈናችሁ።